«ድሬስ ፓንትስ» ስትባዪ ቀሚስ እንዳትገዢ

እህቴ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ሆቴል ሥራ ልጀምር ነው፤ ክሎስ፣ ክሎውዝ፣ ድሬስ፣ ፓንትስ የሚሉትን እንዴት ልለያቸው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም ቨርጂኒያ በገባሁ በሁለተኛው ወር የጀመርኩት ሆቴል ነው። እኔ የከሰርኩትን አንቺ አትክሰሪ።

1. የአገር ቤቱን «ፓንት» እርሺው። እኛ ፓንት የምንለው የውስጥ ሱሪን ነው፤ እንግሊዞችም እንደዚያው ይላሉ። አሜሪካ ግን ፓንትስ ማለት ሱሪ ነው፣ ከላይ የሚታየው። የውስጡን አንደርዌር ይሉታል።

2. ድሬስ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ለብቻው ሲሆን ቀሚስ ነው። ከሌላ ልብስ ስም ፊት ሲመጣ ግን «የክት» እንደማለት ነው፦ ድሬስ ሸርት የክት ሸሚዝ፣ ድሬስ ሹዝ የክት ጫማ፣ ድሬስ ፓንትስ ደግሞ ጂንስ ያልሆነ፣ የተተኮሰ ሱሪ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የቅጥር ቢሮዋ ሴትዮ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ብላክ ድሬስ ፓንትስ» አለችኝ። ድገሚልኝ ብላት ያንኑ ጮክ ብላ ደገመችው። ጆሮዬ ደህና ነው፤ የጠፋኝ ትርጉሙ ነው። ወረቀት ላይ ጻፊልኝ ስላት በእጇ በሩን አሳየችኝ። ያን ቀን የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንዲት ቃል ብትጽፍልኝ ምን ይጎድልባት ነበር?

እኔ የገባኝ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር የውስጥ ሱሪ ነው። 54 ዶላር አውጥቼ ቀሚስ ገዛሁ፤ ያኔ ለእኔ የሳምንት አስቤዛ ማለት ነው። ጠዋት ስደርስ ሱፐርቫይዘሩ አይቶኝ ወደ ቤት መለሰኝ፣ የቀኑም ክፍያ ቀረ። ሱቁም ምልክቱ ተቆርጧል ብሎ ቀሚሱን አልመልስም አለኝ። ስለዚህ አንቺ ገና ሱቅ ውስጥ እያለሽ ልብሱን ፎቶ አንስተሽ «ይሄ ነው?» ብለሽ ለሱፐርቫይዘርሽ ላኪ። ማፈር የለም።

3. ክሎስ ጨርቅ ነው፣ ክሎውዝ ልብስ። የሚያምታታን እኛ የጠረጴዛ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ ስለምንል ነው። እነሱ ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፈውን ቴብልክሎስ፣ መታጠቢያ ቤት የምታስቀምጫትን ትንሿን የፊት ፎጣ ዋሽክሎስ ይላሉ፤ ሁለቱም ጨርቅ ናቸው። ክሎውዝ ስትዪ «ቲ ኤች»ን ለማውጣት ምላስሽን አታስጨንቂ፤ በሩን ዝጊ ለማለት እንደምትዪው ክሎዝ በዪው፣ ብዙዎቹ ራሳቸው እንደዚያ ነው የሚሉት። አንድ ክሎውዝ፣ ሁለት ክሎውዝ ተብሎ ግን አይቆጠርም። እንግዳ ሹራብ ረስቶ ከሄደ መዝገቡ ላይ «ክሎስ» ብለሽ አትጻፊ፤ የመወልወያ ጨርቅ ይመስላቸዋል። ስዌተር ብለሽ ስሙን ከነቀለሙ ጻፊ።

4. ቬስት እዚህ ሰደርያ ነው። ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ ግን ቬስት የምትለው ካናቴራን ነው፤ ከእንግሊዝ ትምህርት ቪዲዮ የምታጠኚ ከሆነ ተጠንቀቂ።

ዌርና ፑት ኦንም አሉ። እኛ ጫማ እንጫማለን፣ ሱሪ እንታጠቃለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን፣ ነጠላ እንለብሳለን፤ እነሱ ለሁሉም ዌር ይላሉ፣ ይሄ ቀላል ነው። ፑት ኦን ግን ልብሱን ስታነሺና ስታጠልቂ ያለው ድርጊት ነው። «ፑት ኦን ግላቭስ» ካሉሽ አሁኑኑ ጓንት አድርጊ ማለታቸው ነው።

ዛሬ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አዲስ የሚገቡትን የማለማምደው እኔ ነኝ። ለእያንዳንዷ የሱሪውንና የጫማውን ፎቶ ከመጀመሪያው ቀን በፊት እልካለሁ፤ እስካሁን በልብስ ምክንያት የተመለሰች የለችም። ላንቺም በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ቅዳሜ ሱቅ ከሄድሽ ከመክፈልሽ በፊት ጻፊልኝ፣ ዕረፍት ላይ ነኝ።