ኤክስትራክቱን መቼ እንደምትሰጪ አስቀድመሽ ወስኚ

እህቴ፣ ለማስተርስ ጥናትሽ የመረጥሽው የቅጠል ኤክስትራክት የአይጦችን ጉበት ከፓራሲታሞል ጉዳት እንደሚጠብቅ፣ ይህንንም በኤንአርኤፍ2 (የሕዋሱን መከላከያ ጂኖች የሚያስነሳ ፕሮቲን) እና በጄኤንኬ (ሕዋስ ሲጨነቅ ወደ ሞት የሚገፋ ኢንዛይም) የምልክት መስመሮች በኩል እንደሚያደርግ ማሳየት እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ኤክስትራክቱን ለሰባት ቀን ሰጥተሽ በመጨረሻው ቀን ፓራሲታሞሉን መስጠት ይበቃል ወይ ነው ጥያቄሽ። በዚሁ ሞዴል ላይ ከተማሪዎች ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁና በእርግጠኝነት የምነግርሽ፣ እንደማይበቃ ነው።

ጉበቱን የሚጎዳው ራሱ ፓራሲታሞሉ አይደለም። ሲዋይፒ2ኢ1 የተባለው ኢንዛይም ከመድኃኒቱ ጥቂቱን ናፕኪ ወደሚባል መርዛማ ውህድ ይለውጠዋል። በተለመደው መጠን ግሉታታዮን የተባለው የሕዋሱ መከላከያ ሞለኪውል ናፕኪውን ይዞ ያስወግደዋል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ግሉታታዮኑ ያልቅና ናፕኪው በሕዋሱ ፕሮቲኖች፣ በተለይም ኃይል በሚያመነጨው የሕዋሱ ክፍል፣ በማይቶኮንድሪያ ፕሮቲኖች ላይ ይጣበቃል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የእነ ሚቸልና ጆሎው ቡድን ይህን በ1973 አሳይቷል። የምልክቱ ጉዳይ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የተጎዳው ማይቶኮንድሪያ ኦክሲዳንት (ሕዋሱን የሚጎዳ ውህድ) ይለቃል፤ ያ ኤኤስኬ1 የተባለውን ኢንዛይም አስሮ ከያዘው ፕሮቲን ይፈታዋል፤ ኤኤስኬ1 በተራው ጄኤንኬን ያነቃል። የነቃው ጄኤንኬ ወደ ማይቶኮንድሪያው ሄዶ ሳብ ከተባለው ፕሮቲን ጋር ሲያያዝ የኦክሲዳንቱ ልቀት ይብሳል። በመጨረሻ የማይቶኮንድሪያው ሽፋን ይከፈታል፣ የኒውክለሱ ዲኤንኤ ይቆራረጣል፣ ሕዋሱም ይሞታል።

እንግዲህ ኤክስትራክትሽ ሲዋይፒ2ኢ1ን ቢያግድ ምን ይሆናል? ናፕኪ አይፈጠርም፤ ግሉታታዮን አይወርድም፤ ጄኤንኬ አይነቃም፤ ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጡት ኢንዛይሞች፣ ኤኤልቲና ኤኤስቲም አይጨምሩም። አንቺ ጄኤንኬ መቀነሱን አይተሽ "መስመሩን አገደ" ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ የሆነው ግን መርዙ ከመነሻው አለመሠራቱ ነው። በጄኤንኬ ላይ ያየሽው የዚያ ውጤት ብቻ ነው። የታተሙ ብዙ ጥናቶች በዚህ ቦታ ይወድቃሉ፤ የተማሪ ልፋት በዚህ ሲባክን ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ኤክስትራክቱ የሚሟሟበት ፈሳሽ ነገርም አለ። ዲኤምኤስኦ የተባለው ማሟሟያ ራሱ ሲዋይፒ2ኢ1ን ያግዳል፤ ስለዚህ ማሟሟያውን ብቻ የሚወስድ ቡድን የግድ ያስፈልግሻል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኤክስትራክቱን ከፓራሲታሞሉ በኋላ የሚወስድ ቡድን ጨምሪ። በአይጥ ናፕኪ በአብዛኛው የሚፈጠረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ተሰጥቶ ጉበቱን የጠበቀ ነገር ካገኘሽ ስለ ምልክት መስመር በሙሉ ልብ መናገር ትችያለሽ። ለሕክምናም የሚጠቅመው ይኸው ነው፤ ሆስፒታል የሚመጣ ሰው የሚመጣው ከዋጠ በኋላ ነውና። ሁለተኛ፣ ፓራሲታሞሉ ከተሰጠ ከ30 ደቂቃ በኋላ የተወሰኑትን አይጦች ሠውተሽ የጉበት ግሉታታዮን ለኪ። ፓራሲታሞል ከመሰጠቱ በፊት ያለውንም ለኪ፤ ኤክስትራክቱ አስቀድሞ መጠኑን ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ኤክስትራክት በወሰዱትና ባልወሰዱት ላይ እኩል ከወረደ ናፕኪው ተሠርቷል ማለት ነው።

በኤንአርኤፍ2 ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በይ። በሰላሙ ጊዜ ኪፕ1 የተባለ ፕሮቲን ይዞ ለጥፋት ያሳልፈዋል፤ ናፕኪ የኪፕ1ን ሲስቲኖች ሲነካ ግን ይለቀቅና ኒውክለስ ገብቶ ግሉታታዮን የሚሠሩ ጂኖችን ያስነሳል። መርዙ ራሱ ያነቃዋልና ፓራሲታሞል በወሰደ አይጥ ላይ መጨመሩን ማሳየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ኤክስትራክቱን ብቻ የወሰደ ቡድን ይኑርሽ፤ የሚቻል ከሆነም የኤንአርኤፍ2 አጋጅ ሲጨመር ጥበቃው መጥፋቱን አሳዪ።

ስለ ሥራው ጥቂት ልጨምር። ወንድ አይጦችን ተጠቀሚ፤ ሴቶቹ ጉዳቱን የበለጠ ይቋቋማሉ። ትልልቆቹ የላቦራቶሪ አይጦች (ራት የሚባሉት ዝርያ) ደግሞ ለፓራሲታሞል እምብዛም አይበገሩም፤ ትንንሾቹን (ማውስ የሚባሉትን) ምረጪ። ሌሊቱን ካስጾምሻቸው 300 ሚሊግራም በኪሎግራም ይበቃል። ፓራሲታሞሉን በሞቀ ሳላይን አሟሚና ሞቅ እንዳለ ስጪ። ሲቀዘቅዝ በሲሪንጁ ውስጥ እንደ ቀጫጭን መርፌ ያለ ክሪስታል ይሠራል፤ አንዱ አይጥ ሙሉ መጠን፣ ሌላው ግማሹን ያገኝና ውጤትሽ ይበታተናል። የደሙ ቀይ ሕዋሶች ከፈነዱ ኤኤስቲ ያለ ጉበት ጉዳት ከፍ ይላል፤ ቀላ ያለ ሴረም አትቀበዪ። ለጄኤንኬ የሚሆነውን የጉበት ቁራጭ ወዲያው አቀዝቅዢ፤ ሲፈጭም ፎስፋታዝ ማገጃ ይኑርበት፤ አለበለዚያ የነቃው ጄኤንኬ የሚታወቅበት ፎስፌት ይጠፋል።

ማነጻጸሪያሽ ሲሊማሪን (ከዕፅዋት የሚገኝ የጉበት መከላከያ) ብቻ አይሁን፤ ኤን አሴቲል ሲስቲን ጨምሪ። በሰው ላይ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ከባዱን የጉበት ጉዳት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚያስቀር የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ቅጠሉ መመዘን ያለበት ከእሱ ጋር ነው።

ጄኤንኬንና ኤንአርኤፍ2ን ለመለካት የሚያስፈልገው አንቲቦዲ በውጭ ምንዛሪ እንደሚገዛና ለመድረስ ወራት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ። ስለዚህ በጥቂት አይጦች የ30 ደቂቃውን ግሉታታዮን አስቀድመሽ ለኪ፤ ኤልማን ሪኤጀንት የተባለው ቀለም ሰጪ ኬሚካልና በ412 ናኖሜትር የሚያነብ ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ይበቃሻል። ኤክስትራክቱ ኢንዛይሙን ብቻ የሚያግድ መሆኑን ካየሽ አንቲቦዲውን አትዘዢ፤ የጥናቱን ርዕስ ቀይሪ። የአለካኩን ዝርዝር ከፈለግሽ እዚሁ ጠይቂኝ፣ እጽፍልሻለሁ።