ውጭ አገር አብረን እየኖርን የትዳር ቪዛ እንዴት እንጠይቅ?

በቅርቡ ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ባልና ሚስት ውጭ አገር አብረው ይኖራሉ። አንዳቸው የሌላ አገር ዜግነት ወይም መኖሪያ ፈቃድ አላቸው፣ አሁን ደግሞ ጠቅልለው ወደዚያ መሄድ ይፈልጋሉ። ስፖንሰር የሚሆነው፣ ማለትም ለትዳር ጓደኛው የሚያመለክተው ሰው ግን ራሱ እዚያ አይኖርም። ሁሉም የሚጨነቀው ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን እንዴት እንደሚያሳይ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች ይሄ ብዙም አይከብድም። የሚከብደው ስፖንሰሩ የምሩን እንደሚመለስ ማሳመን ነው፣ ፋይል የሚጓተተውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለሱ ነው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። በሥራ ምክንያት ሌላ አገር መኖር ከጀመርኩ አምስት ዓመት አልፎኛል። ከባለቤቴ ጋር የተጋባነውም እዚሁ ነው፣ ሦስት ዓመት ሆነን። አሁን ወደ አሜሪካ መግባት እንፈልጋለን። ጓደኞቼ ግን "መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን ሄደሽ፣ ሥራ ይዘሽ፣ ቤት ተከራይተሽ ነው እሱን መውሰድ የምትችይው" ይሉኛል። ልጃችን ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ መለያየቱ በጣም ይከብደኛል። እውነት ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ አለ እህቴ። ለማመልከት ብለሽ ከባልሽ መለየት የለብሽም። አይ-130 የሚባለውን ማመልከቻ ካለሽበት አገር ሆነሽ በኢንተርኔት ለዩኤስሲአይኤስ (ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) ማስገባት ትችያለሽ። ድሮ በየአገሩ የዩኤስሲአይኤስ ቢሮ ስለነበር እዚያው ሄዶ ማስገባት ይቻል ነበር። አሁን አብዛኞቹ ተዘግተዋል፣ ኤምባሲም በቀጥታ የሚቀበለው ለየት ያለ አስቸኳይ ምክንያት ሲኖር ነው። ማመልከቻው ሲጸድቅ ፋይሉ የቪዛ ሰነዶችን ወደሚያሰባስበው ናሽናል ቪዛ ሴንተር ይሄዳል፣ እዚያ ክፍያው ይከፈላል፣ ባልሽ ዲኤስ-260 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ይሞላል፣ አንቺ ደግሞ አይ-864 የሚባለውን የድጋፍ ቃል ትሞያለሽ፣ ሰነዶቹ ተሟልተው ሲገቡ እሱ በሚኖርበት አገር ባለው ኤምባሲ ለኢንተርቪው ይጠራል። የዜጋ የትዳር ጓደኛ ስለሆነ በየዓመቱ የሚመደበው የቪዛ ኮታ አይነካውም፣ ወረፋ የለበትም።

ጓደኞችሽ የነገሩሽ ግን ከመሬት ተነስተው አይደለም። አይ-864 ላይ ስፖንሰሩ ቋሚ መኖሪያው የት አገር እንደሆነ ይጠየቃል። ሕጉ ስፖንሰሩ አሜሪካ መኖር አለበት ይላል። ውጭ የሚኖር ከሆነ ግን ቢያንስ ባሉ አሜሪካ በሚገባበት ቀን ኑሮውን እዚያ እንደሚጀምር ማሳየት ይችላል። ስለዚህ ቀድመሽው መሄድ ግዴታሽ አይደለም፣ አብራችሁ ብትገቡም ይበቃል። እሱን አስቀድመሽ አስገብተሽ "እኔ ከዓመት በኋላ እመጣለሁ" ማለት ግን አይሆንም። ለአሜሪካ መንግሥት ወይም ለአንዳንድ የአሜሪካ ድርጅቶች ለጊዜው ውጭ ተመድቦ የሚሠራ ሰው እንዳልለቀቀ ስለሚቆጠር የሱ ነገር ይቀላል። አንቺ በምን ሥራ እንደሄድሽ አልጻፍሽልኝም፣ ቀጣሪሽ የአሜሪካ ድርጅት ከሆነ ይሄንን አጣሪ።

እንደምትመለሺ በምን ታሳያለሽ? በቃል ብቻ አይሆንም። "መመለስ እፈልጋለሁ" የሚል ደብዳቤ ብቻውን ብዙም አይረዳም፣ የጀመርሽውን ነገር ነው የሚያዩት። አሜሪካ ውስጥ ያለ የባንክ ሒሳብ፣ ያልተቋረጠ መንጃ ፈቃድ፣ ከውጭ ሆነሽ በምርጫ ድምፅ ሰጥተሽ ከሆነ የሱ ማስረጃ፣ ያመለከትሽባቸው ሥራዎችና የመጡልሽ መልሶች፣ ለልጅሽ መዋያ ወይም ትምህርት ቤት የተጻጻፍሽው ኢሜይል፣ ዕቃ ከሚያጓጉዝ ድርጅት ያገኘሽው የዋጋ ማቅረቢያ፣ አሁን ላለሽበት ቤት አከራይ የሰጠሽው የመልቀቂያ ማስታወቂያ። ቤት ገና ካልተከራያችሁ መጀመሪያ የምታርፉበት ዘመድ ወይም ወዳጅ አድራሻውን ጠቅሶ "እኔ ጋ ይቀመጣሉ" ብሎ ይጻፍላችሁ። ሁሉም መሟላት የለበትም። ሦስት አራት የሚሆኑ፣ ቀናቸው የሚገጣጠምና አንድ ዕቅድ የሚያሳዩ ወረቀቶች ከተዘበራረቀ ክምር ይሻላሉ ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ገቢ ነው፣ ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ከሁሉም በላይ የሚደናገጡበት። ስፖንሰር ገቢው ከፌዴራል የድህነት መለኪያ ቢያንስ 125 ከመቶ መሆን አለበት። በ2025 መለኪያ ለሦስት ሰው ቤተሰብ ይሄ 33,312 ዶላር አካባቢ ነው፣ በየዓመቱ ስለሚከለስ በምታስገቢበት ጊዜ ያለውን እዪ። አሁን ያለሽበት አገር የምታገኚው ደሞዝ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ስትመለሺ የሚቆም ከሆነ ለዚህ አይረዳሽም። ያው ቀጣሪ አሜሪካ ሆነሽም በርቀት እንድትሠሪ ከፈቀደልሽ ግን ያንን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጪ፣ ይቆጠርልሻል። የባልሽም ደሞዝ ከዚያው ምንጭ የሚቀጥል ከሆነ እንደዚሁ። ካልሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ንብረት ነው። የዜጋ ባል ወይም ሚስት ሲሆን የጎደለውን ገንዘብ ሦስት እጥፍ የሚያክል ቁጠባ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ ሊቀየር የሚችል ንብረት ማሳየት ይቻላል። 10,000 ዶላር ቢጎድልሽ 30,000 ማለት ነው፣ የባልሽም ንብረት ይደመራል። ሌላው አሜሪካ የሚኖር ጆይንት ስፖንሰር፣ ማለትም የድጋፍ ኃላፊነቱን ከአንቺ ጋር የሚጋራ ሰው ማምጣት ነው። ልብ በይ፣ ጆይንት ስፖንሰር የሚሞላልሽ የገቢውን ጉድለት ብቻ ነው። የመኖሪያውን ጉዳይ ሊሸፍንልሽ አይችልም። እሱ ሚሊየነር ቢሆን እንኳ አንቺ እንደምትመለሺ ካላሳየሽ ፋይሉ አይንቀሳቀስም።

ታክስም አለ። የአሜሪካ ዜጋ የትም ይኑር የት፣ ገቢው ከተወሰነ መጠን ካለፈ በየዓመቱ ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ማሳወቅ አለበት። የምትከፍይው ነገር ላይኖር ይችላል፣ ማሳወቁ ግን አይቀርም። አይ-864 ደግሞ የመጨረሻውን ዓመት የታክስ ወረቀት ይጠይቃል። ሳታውቂ የዘለልሽው ዓመት ካለ አትደንግጪ። ሆን ብለው ላላስቀሩ ሰዎች የሦስት ዓመት ታክስና የስድስት ዓመት የውጭ ባንክ ሒሳብ መግለጫ አስገብቶ ማስተካከያ መንገድ አለ። ይሄንን ቪዛው ሳይጀመር ጨርሺው፣ ለኢንተርቪው ሁለት ሳምንት ሲቀር የሚሯሯጡበት ነገር አይደለም።

የትዳሩ ማስረጃ ለእናንተ ቀላል ነው። በሁለታችሁም ስም ያለ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ ባንክ ሒሳብ፣ አንዳችሁ ሌላውን ያስመዘገባችሁበት የጤና መድን፣ የልጃችሁ የልደት ሰርተፍኬት። ከአምስት መቶ የሰርግ ፎቶ ይልቅ አንድ የሦስት ዓመት የኪራይ ውል ይናገራል። በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ሰነድ ሁሉ ከትርጉሙ ጋር ይገባል፣ ተርጓሚውም ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክልና ሙሉ እንደሆነ ፈርሞ ማረጋገጥ አለበት። ባልሽ ከ16 ዓመቱ በኋላ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖረባቸው ሌሎች አገሮችም የፖሊስ ክሊራንስ ይጠየቃል። በተለያየ አገር ለኖረ ሰው ይሄ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ ከአሁኑ ያስጀምረው።

ስለ ልጅሽ አንድ ነገር ልጨምር። አንቺ እሷን ከመውለድሽ በፊት አሜሪካ ውስጥ በድምሩ አምስት ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ ሁለቱን 14 ዓመት ከሞላሽ በኋላ ኖረሽ ከሆነ፣ ልጅሽ ስትወለድ ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋ ናት። ቪዛ አያስፈልጋትም። ኤምባሲው ጋ ሄዳችሁ ልደቷን አስመዝግባችሁ ፓስፖርት ታወጡላታላችሁ። ለባልሽም ደስ የሚል ነገር አለ፦ ሲገባ ትዳራችሁ ሁለት ዓመት ካለፈው የሚሰጠው የአሥር ዓመት ግሪን ካርድ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሚገባ ሰው ግን የሁለት ዓመት ካርድ ብቻ ያገኛል፣ ከዚያም ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ባለው ጊዜ ባልና ሚስት አንድ ላይ አይ-751 የሚባለውን፣ ካርዱን ወደ መደበኛው የሚያስቀይር ማመልከቻ ማስገባት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ባለቤቴን ይዤ ለመሄድ ብዬ እሷ ያለችበት አገር ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ቪዛዋ እስኪወጣ እዚሁ አብሬያት ብቆይ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አባቴ፣ ይሄ አሳሳቢ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአሜሪካ ወጥቶ አንድ ዓመት ካለፈው ካርዱ ብቻውን መግቢያ አይሆነውም። ከዓመት በታችም ቢሆን መኖሪያዎን ትተዋል ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሳብዎት ይችላል። መኖሪያ ፈቃድዎን ካጡ ደግሞ የባለቤትዎ ማመልከቻም አብሮ ይወድቃል፣ ምክንያቱም የቆመው በእርስዎ ላይ ነው። በዚያ ላይ የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት በኮታ ስለምትስተናገድ ቀኗ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ እባክዎ ዓመቱ ሳይሞላ ይመለሱ። እንደገና ወደሷ መምጣት ከፈለጉ እዚያው አሜሪካ እያሉ በአይ-131 የመመለሻ ፈቃድ ይጠይቁ፣ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ውጭ ሆኖ ግን ሊጠየቅ አይችልም። ዜግነት ለማግኘት ጊዜዎ ከደረሰም ያስቡበት፣ ዜጋ ሲሆኑ ባለቤትዎ ከወረፋው ትወጣለች። መለያየቱ እንደሚከብድዎ ይገባኛል። ቢሆንም አሁን ጥቂት ወራት መለየት ሁሉን ከአንድ ከመጀመር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ባሌ የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ አለው። በሱ ገብተን እዚያው ግሪን ካርድ ብንጠይቅ አይፈጥንም?

መልስ፦ ይሄንን አታድርጉት። እኖራለሁ ብሎ አስቦ "ልጎበኝ ነው" ብሎ መግባት ለመንግሥት ሠራተኛ የውሸት ቃል መስጠት ነው። ከተረጋገጠበት ዕድሜ ልክ የሚያግድ ምክንያት ይሆናል፣ ለማንሳት ሌላ የይቅርታ ማመልከቻ ያስፈልጋል፣ እሱም መሰጠቱ እርግጠኛ አይደለም። እውነተኛ ትዳር ያለው ሰው ንጹሕ መንገድ እያለው ለምን ራሱን እዚህ ውስጥ ይከታል? ማመልከቻው በሂደት ላይ እያለ ለአጭር ጉብኝት መሄድ ክልክል አይደለም፣ ግን ድንበር ላይ ያለው ሠራተኛ ከተጠራጠረ ሊመልሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ ዜጋ ነኝ፣ ከባለቤቴ ጋር ሌላ አገር ነው የምንኖረው። ገቢዬ እነሱ ከሚፈልጉት በጣም ይበልጣል። ይሄ አይበቃም?

መልስ፦ ለብቻው አይበቃም ወንድሜ። ከኤፕሪል 11 ቀን 2024 ጀምሮ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ገቢ በዓመት 29,000 ፓውንድ ነው፣ በፊት 18,600 ነበር። ተቀጥረህ ውጭ የምትሠራ ከሆነ በተለመደው መንገድ ሁለት ነገር ታሳያለህ፦ አሁን ካለህበት ቀጣሪ ጋ ቢያንስ ስድስት ወር በዚያ ደረጃ እየተከፈለህ መሥራትህን፣ እንዲሁም ተመልሰህ በገባህ በሦስት ወር ውስጥ እንግሊዝ የምትጀምረው፣ ደሞዙ መጠኑን የሚያሟላ የተረጋገጠ ሥራ። ውጭ ያለችው ሚስትህ የምታገኘው ደሞዝ አይቆጠርም። ሥራ ካልተገኘ በቁጠባ ብቻ መሄድ ይቻላል፣ 88,500 ፓውንድ ለስድስት ወር በእጃችሁ የቆየ መሆን አለበት። እኔ ብሆን ማመልከቻውን ከመሙላቴ በፊት ሥራ ፍለጋው ላይ ነበር የማተኩረው፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ በወረቀት ያልቃል፣ ያ የሥራ ደብዳቤ ግን የሌላ ሰው ፈቃድ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ የካናዳ ፒአር (ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ) አለኝ፣ ውጭ ሆኜ ባሌን ስፖንሰር ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ አትችይም። ከካናዳ ውጭ እየኖረ የትዳር ጓደኛውን ስፖንሰር ማድረግ የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው፣ እሱም ባሉ ወይም ሚስቱ ፒአር ሲያገኙ ተመልሶ እንደሚኖር ማሳየት አለበት። አንቺ መጀመሪያ ተመልሰሽ እዚያ መኖር ይጠበቅብሻል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። ለሚስቴ አይ-130 አስገብቻለሁ። ከቀድሞ ትዳሯ የ12 ዓመት ልጅ አላት፣ እሱ በሷ ፋይል አብሮ ይመጣል አይደል?

መልስ፦ አይመጣም፣ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። የግሪን ካርድ ባለቤት ለሚስቱ ሲያመለክት ልጇ አብሯት ሊታይ ይችላል። በዜጋ ሲሆን ግን ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ አይ-130 ያስፈልጋል። ሚስትህን ያገባሃት ልጁ 18 ሳይሞላው ስለሆነ እንደ እንጀራ ልጅህ ልታመለክትለት ትችላለህ። የጋብቻ ሰርተፍኬታችሁን፣ የእናቱን የፍቺ ወረቀትና የሱን የልደት ሰርተፍኬት አያይዝ። አባቱ በሕይወት ካለ የማሳደግ መብቱ የማን እንደሆነ የሚያሳየውንም ሰነድ ከአሁኑ ፈልጉ። የሷ እስኪጸድቅ አትጠብቅ፣ የልጁን በዚህ ሳምንት አስገባለት፣ አለበለዚያ እሷ ቪዛዋን ይዛ እሱን ትታ መሄድ ሊኖርባት ነው።