ከሰል ባርቤኪው ለምትጀምሩ፦ የምድጃውን ግማሽ ባዶ ተዉት

ውጭ አገር የምትኖሩ እህት ወንድሞቼ፣ ሙቀቱ ሲመጣ ምድጃ ገዝታችሁ በከሰል መጥበስ ለመጀመር ያሰባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። አዲስ ጀማሪዎችን የሚያሸንፋቸው ቅመሙ አይደለም፤ እሳቱ ነው። ከሰሉን ዳር እስከ ዳር ያነጥፉታል፣ ሥጋውን ከላይ ይደረድሩታል፣ ጥቂት ቆይቶ ውጪው ይጠቁራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፍሙን ወደ አንድ ወገን ሰብስባችሁ ሌላውን ወገን ባዶ ተዉት።

ከመግዛታችሁ በፊት የኪራይ ውላችሁን አንብቡ። በአፓርታማ በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድ በብዙ ቦታ የተከለከለ ነው፤ ክልከላውም ተገቢ ነው። ግቢ ያላችሁ ምድጃውን ከግድግዳ፣ ከአጥርና ከዛፍ ቅርንጫፍ ቢያንስ 3 ሜትር አርቁት። ግቢ የሌላችሁ ደግሞ የከተማችሁን አስተዳደር ጠይቁ፤ እሳት የተፈቀደባቸው መናፈሻዎች ሊኖሩ ይችላሉ።

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ክዳን ያለው፣ ከታችም ከላይም የአየር ቀዳዳው የሚከፈትና የሚዘጋ ክብ ምድጃ ይበቃል። ይህን ቅርጽ በ1952 እ.ኤ.አ. የፈጠረው አሜሪካዊው ጆርጅ ስቲቨን ነው፤ የሚሠራበት ድርጅት በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ የብረት ምልክቶችን ያመርት ስለነበር፣ አንዱን ለሁለት ከፍሎ ታችኛውን ምድጃ፣ ላይኛውን ክዳን አደረገው። በተረፈ ረጅም መቆንጠጫ፣ የሥጋ ቴርሞሜትርና እጀታ ያለው የቆርቆሮ ማቀጣጠያ ግዙ። ቴርሞሜትሩን ቅንጦት የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከምድጃው ቀጥሎ የማስቀድመው እሱን ነው።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ከሰል ታገኛላችሁ። አንደኛው እንጨቱ እንዳለ የከሰለ ነው፤ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ በኃይል ይነዳል፣ አመዱ ጥቂት ነው፣ ነገር ግን መጠኑ የተለያየ በመሆኑ ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ሁለተኛው ተፈጭቶ በማጣበቂያ የተጨመቀው ብሪኬት ነው። እኩል ይነዳል፣ ረጅም ሰዓትም ይቆያል፤ ስለዚህ ለጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው። በነዳጅ የተነከረውን ግን አትግዙ፤ ጠረኑ ሥጋው ላይ ሊቀር ይችላል።

አቀጣጠሉ እንዲህ ነው። ማቀጣጠያውን በከሰል ሙሉት፣ ከሥሩ የተጨማደደ ጋዜጣ አድርጉ፣ በምድጃው የታችኛው ፍርግርግ ላይ አቁሙትና ለኩሱት። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ይንቦለቦላል፤ አትደንግጡ፣ አታርገብግቡም። ጭሱ እየሳሳ ሄዶ ከውስጥ ቀይ ብርሃን ይታያል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ላይኛዎቹ ከሰሎች ጠርዛቸው ግራጫ አመድ መልበስ ሲጀምር፣ ወፍራም ጓንት አጥልቃችሁ በአንድ ወገን ገልብጡት። በምንም ምክንያት በተያያዘ እሳት ላይ ነዳጅ አትጨምሩ፤ ነበልባሉ ወደ እጅና ፊት ይመለሳል።

ከዚያ ሥጋው የሚቀመጥበትን የላይኛውን ፍርግርግ ገጥማችሁ፣ ክዳኑን ከድናችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አሙቁት። ሥጋ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲቀመጥ ይጣበቃል። አየሩን የምትቆጣጠሩት በታችኛው ቀዳዳ ነው፤ ስትከፍቱት ሙቀቱ ይጨምራል፣ ስታጠብቡት ይቀንሳል። የላይኛው ክፍት ሆኖ ከሥጋው በላይ ይሁን፤ ያኔ ሙቀቱ በሥጋው ላይ አልፎ ይወጣል። ክዳኑን በየደቂቃው እያነሡ ማየት ሙቀቱን ያባክናል፣ እሳቱንም ያባብሳል።

ለመጀመሪያ ቀን አጥንቱ ያልወጣለት የዶሮ ጭን ምረጡ፤ ስህተት ይችላል። ውኃውን በወረቀት አድርቁለት፣ ጨው አድርጉበት፣ ቆዳውን ወደ ላይ አዙራችሁ ባዶው ወገን ላይ አስቀምጡትና ክደኑት። ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ፍርዱን ግን ለቴርሞሜትሩ ተዉ። አጥንቱን ሳይነካ ወፍራሙ ቦታ ላይ ተሰክቶ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ካነበበ ለመብላት ደኅና ነው፤ ጭን ግን 80ን ሲያልፍ ይበልጥ ይለሰልሳል። መጨረሻ ላይ ቆዳውን ወደ ታች ገልብጣችሁ ፍሙ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆዩት፤ ሲንጫጫ ትሰማላችሁ፣ ቆዳውም ይጠበሳል። ስቡ ተንጠባጥቦ ነበልባል ከተነሣ ውኃ አትርጩ፤ ሥጋውን ወደ ባዶው ወገን አሽሹና ክደኑ። ስኳር ያለበት ማባያ ቶሎ ስለሚያር የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ላይ ቀቡት። የተፈጨ የበሬ ሥጋ እስከ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። ያልተፈጨ የበሬና የበግ ሥጋ 63 ዲግሪ ደርሶ 3 ደቂቃ ካረፈ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ዝናብ መጣ፣ ብርድ ሆነ ብላችሁ ምድጃውን ወደ ቤት፣ ወደ መኪና ማቆሚያ ክፍል ወይም ወደ ድንኳን አታስገቡ። እየከሰመ ያለ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። በር ወይም መስኮት መክፈት አያድንም።

ጥብሱ ሲያልቅ የላዩንም የታቹንም ቀዳዳ ዝጉ፤ እሳቱ አየር አጥቶ ይጠፋል፣ የተረፈውንም ከሰል በሚቀጥለው ጊዜ ከአዲሱ ጋር ቀላቅላችሁ ታነዱታላችሁ። አመዱ ውስጥ ረመጥ ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል 48 ሰዓት ሳይሞላው አትድፉት፤ ያኔም ቢሆን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ እንጂ በፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ አይሁን።