በርበሬ የነካው ጋዜጣ

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ መጣች። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት። በእጇ የተጠረዘ ወረቀት ይዛለች። የእንግሊዝኛ ምንባብ ነው፤ ከሥሩ የምርጫ ጥያቄ ተደርድሯል። ቡናው ገና ሳይቀዳ፣ «ጋሼ፣ የማላውቀው ቃል ሲያጋጥመኝ ልቁም ወይስ ልዝለለው?» አለችኝ።

«ዝለዪው» ብዬ መገላገል እችል ነበር። ግን መልሱ ከመምጣቱ በፊት አፍንጫዬን በርበሬ በርበሬ ሸተተኝ። ቤት ውስጥ በርበሬ የለም። የሸተተኝ የዛሬ አርባ ዓመት በርበሬ ነው።

እንደሷ ፈተና የደረሰባችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ለሷ ያወራሁትን ልጻፈው። ምክሩ ትንሽ ነው፤ ወሬው ይበዛል።

ዘመኑ 1977 ነው። ባሕር ዳር ያኔ የብስክሌት ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲቀይር መንገዱ በሙሉ ብስክሌት ይሆናል፤ መሻገር ጭንቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር የለም። ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ፣ በእኛ አጠራር ፖሊና ፔዳ፣ ናቸው ያሉት፤ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ነው። እኔና አንድ ጓደኛዬ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን ለአንድ ኮሌጅ የመግቢያ ፈተና እንዘጋጅ ነበር። የኮሌጁ ስም ይቅር። ፈተናው እንግሊዝኛ ነው፣ አብዛኛው አንብቦ መረዳት ነው ተብሎ ተወራ።

እኔ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ነበረኝ። አጎቴ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ፣ ጀርባው በፕላስተር የተያዘ። በሰፈራችን ሌላ አላየሁም። በቀን ሃያ ቃል እሸመድድ ነበር። ደብተሬን መሐል ለመሐል በመስመር ከፍዬ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን እጽፋለሁ። ለአንድ ቃል አንድ ትርጉም። ሁለተኛና ሦስተኛ ትርጉም ካለው እተወዋለሁ፤ ቦታ ይፈጃል።

ጓደኛዬ መዝገበ ቃላት የለውም። አባቱ ፋብሪካው ውስጥ ይሠራሉ፤ ቤታቸው ሰባት ልጅ ነው። እሱ የነበረው የሱቅ ወረቀት ነው። ያኔ ባለሱቁ በርበሬና ጨው የሚጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣ ነበር። አንዳንዴ የአማርኛ ይደርስሃል፣ አንዳንዴ የእንግሊዝኛ። ጓደኛዬ የኢትዮጵያን ሄራልድ ቁራጭ ሲደርሰው በርበሬውን ለእናቱ ጣሳ ውስጥ ይገለብጥና ወረቀቱን አራግፎ ይወስዳል። ቁራጩ ካማረው ደግሞ ቤት ያልጎደለ በርበሬ ጎደለ ብሎ ይላክ ነበር። ጨው የነካው ወረቀት እርጥብ እርጥብ ይላል። በርበሬ የነካው ጠርዙ ይቀላል። ጣና ዳር ወርደን ስናጠና ያንን ወረቀት ጉልበቱ ላይ ሲያስተካክል ሁለታችንም እናስነጥሳለን።

ቁራጩ ሙሉ አይደለም። ርዕስ የለውም፤ ወይ መጨረሻው ተቀዷል። አንዳንዱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ከየመስመሩ የቀረው ግማሽ ብቻ ነው። እሱ ግን ከዚያ ይጀምራል። «ይሄ ሰውዬ የሚያወራው ስለ ዝናብ ነው። እዚህ ጋ ገበሬ ይላል፤ እዚህ ጁላይ ይላል። ታች ደግሞ ‹ባት› ብሏል፤ ስለዚህ እስካሁን ያለውን ሊያፈርሰው ነው» ይላል። ጣቱን ‹ባት› ላይ ያሳርፋል። የማያውቀው ቃል ሲመጣ በእርሳስ ያከብበውና ያልፋል። መጨረሻ ደርሶ ይመለስበታል። ከዚያ ከራሱ አማርኛ ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ልክ መሆኑን የማረጋግጥለት እኔ ነኝ፤ መዝገበ ቃላቱ በእኔ እጅ ነዋ።

ልክ ሲሆን ደስ አይለኝም ነበር። ይሄን ለልጅቷ ስነግራት አፈርኩ፤ አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ። እኔ ሌሊት እየተነሣሁ ሸምድጄ የያዝኩትን እሱ ከበርበሬ ወረቀት ላይ ሲያገኘው ያበግነኛል። አንድ ቀን በልጆች ፊት «አንተ ትገምታለህ እንጂ አታነብም» አልኩት። አልበቃኝም፤ «በርበሬ» ብዬ ስም አወጣሁለት። ስሙ ያዘለት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በርበሬ፣ በርበሬ ይለው ጀመር።

ከዚያ ጋዜጣውን ተወው። «ደብተርህን አውሰኝ፣ ልገልብጠው» አለኝ። አዋስኩት። ቸር የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ የእኔን ቃላት ሲሸመድድ ከረመ።

የፈተናው ቀን ሦስት ምንባብ ቀረበ። ሁለተኛው ስለ ዓሣ ነበር። ባሕር ዳር ላደገ ልጅ ስለ ዓሣ! እናቴ ዓሣ እያጸዳች ነው ያሳደገችኝ፤ ከፀጉሬ ላይ ቅርፊት እየለቀምኩ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው። ምንባቡ የዓሣ ዕድሜ እንዴት እንደሚታወቅ ይናገራል። ‹ስኬል› የሚሉት ነገር ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አለ፤ ዓሣው ደህና ሲያድግ ቀለበቱ ይራራቃል፣ እድገቱ ሲቀዘቅዝ ይጠጋጋል፣ በአጉሊ መነጽር ይቆጠራል ይላል። አንዱ ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልጠፋኝም፤ «ሰም ፊሽ ሃቭ ኖ ስኬልስ።»

ደብተሬ ላይ «ስኬል፦ ሚዛን» ይላል። ስለዚህ «አንዳንድ ዓሣ ሚዛን የለውም» ብዬ ተረጎምኩት። ዓሣ ከመቼ ወዲህ ነው ሚዛን ያለው? ራሴን አልጠየቅኩም። አምባዛን በእጄ ይዤ የማውቅ ልጅ ነኝ እኮ! ሙልጭልጭ ነው፤ ቅርፊት የሚባል አልፈጠረበትም። ቆሮሶ ግን ሲገፈፍ ቅርፊቱ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሁለቱን ባስብ ኖሮ ቃሉ ራሱን ይፈታ ነበር። ደብተሬን አመንኩ። በዚያች ቃል ላይ የተንጠለጠሉ አራት ጥያቄዎች ነበሩ። አራቱንም በሚዛን ሠራኋቸው።

ስንወጣ በሐይቁ ዳር በእግር ተመለስን። ጓደኛዬ ብዙ መንገድ ዝም አለ። ከዚያ፣ «መጀመሪያ ቅርፊት ነው ብዬ አጥቁሬው ነበር» አለኝ። «በኋላ ደብተርህ ትዝ አለኝ። በላጲስ አጠፋሁት።»

እኔ አለፍኩ፣ እሱ ወደቀ። በአራት ጥያቄ ሰው አይወድቅም፤ ሌላም የሳተው ይኖራል። ውጤት ያሳየን የለም፣ የተለጠፈው የአላፊዎች ስም ብቻ ነው። ይሄን ሁሉ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ያቺ ላጲስ ግን አልወጣችልኝም።

የሚያስቀው፣ እንጀራዬ ዓሣ ሆነ። ዘንድሮ ጡረታ ልወጣ ነው፤ ዕድሜዬን በሙሉ የጣናን ዓሣ ስለካና ስመዝን ኖርኩ። ቅርፊት አጉልቼ ቀለበት ቆጥሬያለሁ። እንደኛ ብርዱ በማይጠና አገር ቀለበቱ እንደ ፈረንጅ አገሩ ጎልቶ አይወጣም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዓሣው ጆሮ ውስጥ የምትገኝ ደቃቅ ጠጠር ናት። ምንባቡ ይሄን አላነሣም። የጻፈው ሰውዬ ስለ ራሱ አገር ዓሣ ነው የጻፈው።

ፈተና ላይ ይሄን ባውቅ ኖሮ እንኳ አይጠቅመኝም ነበር፤ መልሱ ምንባቡ የሚለው ነውና። ቅድም አምባዛን ባስብ ኖሮ ያልኩት ሰው አሁን ደግሞ የምታውቁትን ተዉት ልል ነው። ሁለቱንም እላለሁ። የምታውቁት ነገር ቃሉን ይፈታላችኋል። መልስ ስትመርጡ ግን ተመልሳችሁ መስመሩን ፈልጉ፤ ጣታችሁን አኑሩበት። መስመር ያላገኛችሁለት መልስ ከራሳችሁ የመጣ ነው።

ጥያቄውን አስቀድማችሁ አንብቡ የሚሉ አሉ። አልወደውም፤ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ምንባቡን እየለቀማችሁ ታልፋላችሁ። ሰዓት ካጠረ ግን እኔም አደርገዋለሁ። ከከባድ ቃል ይልቅ ‹ሃውኤቨር›፣ ‹አንለስ›፣ ‹ኦልዞው› የሚሉትን ፍሩ። ጓደኛዬ ‹ባት› ላይ ጣቱን ያሳረፈው ወዶ አይደለም። ሽምደዳንም ሙሉ ለሙሉ አልረግምም፤ ያ ደብተር ሥራዬ ላይ ብዙ ጊዜ አውጥቶኛል። ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ ጻፉት፣ ለሁለተኛው ትርጉም ደግሞ ቦታ ተዉለት።

የልጅቷን ስልክ አየሁት። ቴሌግራሟ ላይ ያለው ፒዲኤፍ ተቆጥሮ አያልቅም። «ስንቱን ከፈትሽ?» ብላት ሳቀች። ሁለቱን ነው። የማታውቀው ቃል ገና ከሩቅ ሲታያት እጇ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረች ልጅ አንድ ገጽ ሳታቋርጥ አንብባ አታውቅም። በንግግር ግን እነዚህ ልጆች ያስከነዱናል፤ እኔ በሷ ዕድሜ ፈረንጅ ሊያናግረኝ ሲመጣ መንገድ እቀይር ነበር።

ጓደኛዬ አልሸሸም። ከፈተናው በኋላ ጀልባ ላይ ገባ። ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል ቱሪስት ሲያመላልስ ኖረ። እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል። አንድ ጊዜ በወደቡ ሳልፍ ለፈረንጆች ስለ ታንኳና ስለ ደንገል ሲያስረዳ ደረስኩ። አንዷ የሆነ ቃል ጣለች። እሱም «ምን ማለት ነው?» ብሎ ሳያፍር ጠየቃት። ሲያየኝ በአማርኛ «መዝገቡ! ጠፋህ እኮ!» አለኝ። እሱም ለካ ስም አውጥቶልኝ ነበር። ሻይ ጠጣን። ስለ ላጲሷ ላነሣ ብዬ ስለ ቤንዚን ዋጋ አወራሁ።

እሑድ ዕለት ለልጅቷ ከመሥሪያ ቤት ወረቀቶቼ አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ሰጠኋት። «ዋተር ሃያሲንት» የሚል አለበት። እጇ ወደ ስልኩ ሄደ፤ ስልኩን ተቀበልኳት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። የጀልባ ሞተር ይተበትባል፣ የዓሣ አጥማጆችን መረብ ይይዛል። ጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው በ2004 ገደማ ነው። እዚህ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። «እም...» አለች።

ቡናዬን ጠጣሁ።

ፈተናዋ ሐሙስ ነው። ትናንት ማታ አንኳኩታ ሌላ ገጽ ወሰደች። ያኛውንም መለሰችልኝ፤ ሃያሲንት ላይ በእርሳስ አክብባ ከጎኑ በአማርኛ የሆነ ነገር ጽፋበታለች። ልክ ነው ወይስ አይደለም አላልኳትም።