ሙስና ማለት ጉቦ ብቻ ነው ወይ?

ወንድሜ፣ «ሙስናና ጉቦ አንድ ናቸው ወይ?» ላልከው፣ አይደሉም። ጉቦ ከሙስና አንዱ ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። ዘመዱን ያለ ውድድር የሚቀጥር ኃላፊ አምስት ሳንቲም ባይቀበልም ሙሰኛ ይባላል።

ቃሉ የመጣው ከግዕዝ ነው፤ «ማሰነ» ማለት ጠፋ፣ ፈረሰ፣ በሰበሰ ነው። መዝሙረ ዳዊት ላይ «ወኢትሁቦ ለጻድቅከ ይርአይ ሙስና» (ጻድቅህም መበስበስን እንዲያይ አትፈቅድም) ሲል ስለ ገንዘብ አይደለም፤ ስለ ሥጋ መበስበስ ነው የሚናገረው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል፤ ሌብነቱን የጠራነው በሚያደርሰው ጥፋት ስም ነው! ዛሬ ግን ሥጋ ሲሸት ወይም ፋይል አልከፈት ሲል ሙስና አንልም፤ «ተበላሸ» እንላለን። ስትጽፍ ደግሞ «ሙስና በላ» አትበል። የሚበላው ጉቦ ነው፤ ሙስና ይፈጸማል።