ጿሚና የአሳማ ሥጋ የማይቀምስ ሰው ቬትናም ምግብ ቤት ገብቶ ምን ይዘዝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ወንድ ልጄ ከአዲስ አበባ የመጡትን አያቱን ፎልስ ቸርች ውስጥ ኤደን ሴንተር ከሚገኙት የቬትናም ምግብ ቤቶች በአንዱ ምሳ ሊጋብዛቸው ቆርጦ ተነሥቷል። እናቴ ዐቢይ ጾምን አጥብቀው የሚጾሙ ናቸው፤ እኔም ጾም ቢፈታ እንኳ የአሳማ ሥጋ አልቀምስም። ልጁ «ሾርባ እኮ ነው፤ ሥጋውን አውጡልን ማለት ነው» ይለናል። የምግብ ዝርዝሩን ባየው በቁጥር የተሞላ ነው፤ ስሙም አይያዝም። እናቴን መውሰዱ ይሻላል ወይስ ይቅር? ከሄድንስ ምን እንዘዝ?
አንዲት እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እናትዎን ይዘዋቸው ይሂዱ። ልጅዎ «ሥጋውን አውጡልን» ማለት ይበቃል ብሎ ማሰቡ ግን ትክክል አይደለም፤ ጾሙን የሚያስፈታው መረቁ ነውና። ፎ የሚባለው ምግብ ከሩዝ ዱቄት የተሠራ ኑድል በመረቅ ተሞልቶ የሚቀርብበት ሲሆን፣ መረቁ የሚገኘው የበሬ አጥንት ለብዙ ሰዓታት በዝግታ እየተንተከተከ፣ እሳት የለበለበው ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ድንብላል፣ ጥቁር ሄልና የኮከብ ቅርጽ ያለው አኒስ ተጨምሮበት ነው። በዚህ ላይ ኑክ ማም የሚሉት ቅመም አለ፤ ይኸውም ትንንሽ ዓሣ ከብዙ ጨው ጋር በበርሜል ተከድኖ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሲብላላ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። በቬትናም ወጥ ቤት የጨውን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እርሱ ስለሆነ፣ አትክልት ብቻ በሚመስል ምግብ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባታችሁ እተወዋለሁ፤ እናትዎ አጥብቀው የሚጾሙ ከሆነ ግን መልሱን ራሳቸው ያውቁታል።

ደግነቱ ቬትናማውያንም የራሳቸው ጾም አላቸው። ከቡድሃ እምነት ተከታዮቻቸው ብዙዎቹ በጨረቃ አቆጣጠር ወሩ በገባ በመጀመሪያውና በዐሥራ አምስተኛው ቀን ሥጋም ዓሣም አይበሉም፤ ለዚህ የሚሠራው ምግብ «ቻይ» ይባላል። ስለዚህ በብዙ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ የቻይ ምግቦች ለብቻቸው ተጽፈው ይገኛሉ። ለእናትዎ የሚዘዘው «ፎ ቻይ» ነው፤ መረቁ ከእንጉዳይ፣ ከነጭ ራዲሽ፣ ከካሮትና ከመሳሰሉት የሚወጣ ሆኖ፣ በሥጋው ፋንታ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ ይገባበታል። ሆኖም አንዳንዱ ምግብ ቤት ቻይ ብሎ የሚያቀርበው ቶፉና አትክልት ጨምሮበት እንጂ መረቁ ያው የአጥንት መረቅ ነው። አስተናጋጁን «ሥጋ አለው?» ብለው አይጠይቁት፤ «የለውም» ይልዎታል፣ አልዋሸምም። ይልቁንም መረቁ ከምን እንደተሠራ፣ የዓሣ ፈሳሽ እንደገባበት፣ አትክልቱ በኦይስተር ሶስ (ከዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ በሚሠራ ማጣፈጫ) እንደተጠበሰ፣ እንቁላል እንዳለው ነጥለው ይጠይቁት። ጥያቄው ለእነርሱ እንግዳ አይደለም፤ የራሳቸው ጿሚም ይጠይቃልና። እናትዎን ግን አስቀድመው አንድ ነገር ይንገሯቸው፦ በቻይ ምግብ ውስጥ ከአኩሪ አተር ወይም ከስንዴ ተሠርቶ ቁርጥ ሥጋ የሚመስል ነገር ሊኖር ይችላል፤ ሳያውቁ ካዩት ሳህኑን ገፍተው ይነሣሉ። ከምግብ በኋላ ደግሞ «ቼ» የሚባለውን፣ ባቄላና የኮኮናት ወተት ያለበትን ቀዝቃዛ ጣፋጭ ይዘዙላቸው፤ አብዛኛው ዓይነት የከብት ወተት ስለሌለው ለጾም ይስማማል።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስንመጣ፣ በቬትናም ምግብ ውስጥ አሳማ የበሬን ያህል፣ እንዲያውም በልጦ ይገኛል፤ ደግሞም ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይታይም። በስስ የሩዝ ሊጥ የተጠቀለለው ጥሬ ጥቅል ከላይ ሽሪምፑ ሲታይ፣ ከሥር ብዙ ጊዜ ስስ የአሳማ ሥጋ አለበት። በዘይት የሚጠበሰው ጥቅልም ውስጡ በአመዛኙ የተፈጨ አሳማ ነው። ኮም ታም የሚባለው የሩዝ ምግብ በተጠበሰ የአሳማ ጎድን ይታወቃል፤ ባን ሚ የተባለው ሳንድዊችም በአብዛኛው አሳማ ነው፣ በዶሮ ወይም በቶፉ ቢገኝም። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን «ቡን ቦ ህዌ» ነው፦ የበሬ ምግብ ተብሎ ተጽፎ ሳለ የአሳማ እግርና የረጋ ደም የሚገባበት ቅመማም ሾርባ ነው። እርስዎ ያለ ሥጋት ሊያዙ የሚችሉት የበሬውን ፎ፣ ፎ ጋ የተባለውን የዶሮ ፎ፣ በጠጅ ሳር የተጠበሰውን ዶሮ በሩዝ፣ አለዚያም ቦ ሉክ ላክን ነው፤ ይህ የመጨረሻው በትንንሽ ኩብ ተቆርጦ በኃይለኛ እሳት የተጠበሰ የበሬ ሥጋ ሲሆን፣ ከሰላጣና ከቲማቲም ጋር በሎሚና በቁንዶ በርበሬ እየተጠቀሰ ይበላል። በበሬው ፎ ውስጥ የሚገባው ተፈጭቶ የተድቦለቦለ ሥጋ ግን በአንዳንድ ቤት አሳማ ሊደባለቅበት ስለሚችል ይጠይቁ።

በቁጥር የተጻፈው ዝርዝር አያስፈራዎት፤ የፎዎቹ ልዩነት የሥጋው ዓይነት ብቻ ነው። ታይ ጥሬው በስሱ ተቆርጦ በፈላው መረቅ ላይ የሚጣለው ነው፤ ክትፎ ለብለብ የሚወድ ሰው ይህን ይመርጣል፣ ጨርሶ እንዳይበስልበት የፈለገም ሥጋው በተለየ ሳህን እንዲመጣለት ማዘዝ ይችላል። ቺን በደንብ የበሰለ ፍሪምባ፣ ጋው ጮማው፣ ገን ጅማቱ፣ ሳች ደግሞ ሽንፍላው ነው። ሳህኑ ትንሽና ትልቅ አለው፤ ትንሹ ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ሲመጣልዎት አስቀድመው መረቁን ብቻ ይቅመሱ። ቀዩንና ጥቁሩን ሶስ ሳይቀምሱ የሚያፈሱበት ብዙዎች ናቸው፤ ያን ሁሉ ሰዓት የተንተከተከ መረቅ በስኳርና በሚጥሚጣ መሸፈን በእኔ እምነት ብክነት ነው። ሶሱን በጎን ሳህን አድርገው ሥጋውን ይጥቀሱበት፤ ከጎን የሚመጣውን በሶብላ መሰል ቅጠልና የባቄላ ቡቃያ ግን እየቀነጠሱ ይጨምሩ።

እናትዎ ኤደን ሴንተር ውስጥ ሰንደቁ ላይ የሚውለበለበውን ባለ ሦስት ቀይ መስመር ቢጫ ባንዲራ አይተው መጠየቃቸው አይቀርም። የቀድሞዋ የደቡብ ቬትናም ባንዲራ ነው። ሳይጎን እ.ኤ.አ. በ1975 ስትወድቅ የተሰደዱት ሰዎች መጀመሪያ የነገዱት አርሊንግተን፣ ክላረንደን ውስጥ ነበር፤ ሜትሮው (የከተማው ባቡር) እ.ኤ.አ. በ1979 እዚያ ከተከፈተ በኋላ ኪራይ ሲወደድባቸው ወደዚህ ተሰባሰቡ፤ ኤደን ሴንተርም እ.ኤ.አ. በ1984 ተመሠረተ። የሰዓቱ ማማ የሳይጎኑን የቤን ታን ገበያ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው። ባንዲራው ለምን ዛሬም እንደሚውለበለብ ለእናትዎ ማስረዳት የሚያስቸግርዎ አይመስለኝም፤ እኛም ባንዲራ ስንል የምንከራከር ሰዎች ነን። ቀኑ የጾም ስለሆነ ግብዣውን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቢያደርጉት ሁለት ጥቅም አለው፦ እናትዎ ጾማቸውን ሳያጎድሉ ይበላሉ፤ ቅዳሜና እሑድ በምሳ ሰዓት የሚያጨናንቀው ሰልፍና የመኪና ማቆሚያ ችግርም ይቀልላችኋል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼን ጋብዤ የቬትናም ምግብ ቤት ስንሄድ የአንዱ ምግብ ቀድሞ መጣ፤ የሌላው ዘገየ። በልተን ስንጨርስ ደግሞ ሒሳብ የሚያመጣልን ጠፋ። ንቀት ነው?
አንድ አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ንቀት አይደለም። በዚህ ዓይነት ቤት ምግብ የሚወጣው እንደደረሰ ነው፤ ፎ ደግሞ መረቁ ትኩስ ሳለ ካልተበላ ኑድሉ ስለሚያብጥ፣ ቀድሞ የደረሰለት ሰው ሌላውን ሳይጠብቅ ቢጀምር ማንም አይቀየመውም። በእኛ ባህል ይህ ይከብዳል፤ እዚያ ግን ጠብቀው ያቀዘቀዙትን ምግብ ሲያይ የሚያዝነው ባለቤቱ ነው። በብዙዎቹ ቤቶች ተነሥቶ ገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ ሄዶ መክፈል የተለመደ ነው፤ ካርድ የማይቀበሉም ስላሉ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይዞ መሄድ ይበጃል። ጉርሻው እንደ ማንኛውም የአሜሪካ ምግብ ቤት ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ሳህኑ ርካሽ ነው ብሎ ማሳነስ ተገቢ አይደለም። ሌላ የማይደረግ ነገር ቢኖር መብያ እንጨቶቹን ሩዝ ውስጥ ቀጥ አድርጎ መትከል ነው፤ ለሙታን የሚጤስ ዕጣን ይመስላልና ያስደነግጣቸዋል።

ጥያቄ፦ ቡናቸው ለምን እንዲህ ይመራል? አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።
ከዚያው ከተማ

መልስ፦ ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ የቡና አምራች ናት፤ የምታመርተው ግን አብዛኛው ሮቡስታ እንጂ እኛ የለመድነው ዐረቢካ አይደለም። ሮቡስታ ካፌይኑ የዐረቢካን እጥፍ ያህል ነው፤ ምሬቱም የዚያኑ ያህል ይጎላል። በጽዋው አፍ ላይ በምትቀመጥ ትንሽ የብረት ማጥለያ ጠብ እያለ ወፍሮ ስለሚወርድ ደግሞ ይበረታል። ጣፋጭ የታሸገ ወተት የሚጨመርበትም ምሬቱን ለማለዘብ ብቻ ሳይሆን፣ በፈረንሳዮች ዘመን ትኩስ ወተት እዚያ አገር እንደልብ ስላልነበረ ነው። ከሰዓት በኋላ አይጠጡት። ጾም ከሆነ ጥቁሩን በበረዶ፣ ስኳሩን ለብቻው ብለው ይዘዙ፤ ካልተናገሩ ወተቱ ሥር ተቀምጦ ይመጣልዎታል።