ጦር ወደ ውጭ ሲላክ ማን ይጠየቃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ካበቃ በኋላ ቡና እየተጠጣ በተነሣ ወግ ሁለት ቦታ ተከፍለን ተሟገትን። አባታቸው ኮሪያ ዘማች የነበሩ አንድ አባላችን ሜዳልያውን በመሐረብ ጠቅልለው አምጥተው፣ «ጃንሆይ ማንንም ሳይጠይቁ ላኩ፤ አገሪቱም በዓለም ፊት ተከበረች» አሉ። ወንድማቸው ሶማሊያ ዘምቶ የቀረባቸው ጎረቤታችን ደግሞ፣ «ልጁን የሚሰጠው ሕዝብ ሳይጠየቅ?» ብለው መለሱላቸው። ለመሆኑ መንግሥት ሠራዊት ወደ ውጭ ለመላክ የምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል? ወታደሩ ከወጣ በኋላ መቃወምስ ነውር ነው?

የዕድር ጸሐፊ፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሕጉ እንጀምር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ረቂቅ መነሻነት የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑን ይደነግጋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአንቀጽ 74 መሠረት የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ቢሆኑም ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የላቸውም። ችግሩ የሚመጣው ጦርነት ሳይታወጅ ሠራዊት ሲላክ ነው። ለሰላም ማስከበርም ሆነ የጎረቤት አገርን መንግሥት ለመደገፍ የሚደረግ ስምሪት አስቀድሞ በምክር ቤቱ መጽደቅ እንዳለበት በግልጽ የሚያዝ አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ሁለቱም ተሟጋቾች የሚጠቅሱት ነገር አያጡም።

የኮሪያውን ነገር ግን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው፣ የተወረረች አገርን የዓለም ማኅበር ሊደርስላት ይገባል ብለው የተከራከሩ ሰው ስለነበሩ፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ያው ጥሪ ለኮሪያ ሲቀርብ እምቢ ማለት የራሳቸውን ቃል ማፍረስ ይሆንባቸው ነበር። በራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም የተሰየመው፣ አብዛኛው አባሉ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጉዞ ጀመረ። ተከታትለው ከዘመቱት ቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ሰዎች ሲሰዉ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ የተማረከ አንድም አልነበረም። ክብሩ እውነተኛ ክብር ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ሕዝብ የመረጠው እንደራሴ ስላልነበረ (የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው) «ማንንም ሳይጠይቁ» የሚለው የዘመኑን አሠራር ከማሳየት አልፎ ለዛሬ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ኋላ የመጣውንም መርሳት አይገባም። በደርግ ዘመን «ከኮሚኒስቶች ጋር የተዋጉ» እየተባሉ ብዙ ዘማቾች ተገፍተዋል፤ ሜዳልያቸውን ለመደበቅ የተገደዱም ነበሩ። በእኔ አመለካከት ይህ የደረሰው ዘመቻው የንጉሡ እንጂ የአገሪቱ ውሳኔ ሆኖ ስላልተመዘገበ ነው፤ ላኪው ከዙፋን ሲወርድ የተላከውም ባለቤት አጣ። የምክር ቤት ድምፅ ዋናው ጥቅሙ መንግሥት ቢለወጥ እንኳ «የላክንህ እኛ ነን» የሚል አካል እንዲኖር ማድረጉ ነው።

ውይይት መልስ ሊለውጥ እንደሚችል ለማየት የቱርክን ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2003 መንግሥት ለምክር ቤቱ ያቀረበው ሐሳብ የቱርክ ወታደሮች ወደ ውጭ እንዲላኩና የአሜሪካ ጦርም በቱርክ በኩል ኢራቅ እንዲገባ የሚፈቅድ ነበር። 264 አባላት ደገፉ፣ 250 ተቃወሙ፣ 19 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ድጋፉ ከተቃውሞው ቢበልጥም በስብሰባው ከተገኙት ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 267 ድምፅ ስለሚያስፈልግ ሐሳቡ በሦስት ድምፅ ወደቀ፤ ገዢው ፓርቲ ሰፊ አብላጫ መቀመጫ ይዞ ሳለ። በዚያው ወር የእንግሊዝ ምክር ቤት በ412 ለ149 የኢራቅን ዘመቻ አጸደቀ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ስለ ሶርያ የቀረበለትን ሐሳብ በ285 ለ272 ጣለው።

በእኛም አገር ድምፅ የተሰጠበት ጊዜ አለ። ኅዳር 21 ቀን 1999 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሞቃዲሾንና አብዛኛውን ደቡብ ሶማሊያ ተቆጣጥረው በነበሩት የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ኃይሎች ላይ መንግሥት አስፈላጊና ሕጋዊ የሆነውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ፈቀደ፤ ከተቃዋሚ አባላት የተቃወሙም ነበሩ። ወር ሳይሞላ ሠራዊቱ ሞቃዲሾ ደረሰ፤ ጠቅልሎ የወጣው በጥር 2001 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ደንቡ ተሟልቷል፤ የጎረቤትዎ ቅሬታ ግን መልስ አላገኘም፤ ምክንያቱም «እርምጃ ሁሉ» የሚለው ፈቃድ እስከ መቼ፣ በስንት ወጪ፣ ምን ሲሟላ ይመለሳሉ የሚለውን ክፍት ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ፕሬዚዳንቱ ሠራዊት ወደ ውጊያ ባስገባ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ እንዲያሳውቅ፣ ፈቃድ ካላገኘ በ60 ቀን እንዲያቆም ያዛል። ፕሬዚዳንቶቹ መሹለኪያ አያጡለትም፤ ቢሆንም የሚጠየቁበት ቀን በጽሑፍ አለ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ አጭር መልስ ይበቃዋል። ሠራዊቱ ያለበትን ቦታና እንቅስቃሴውን ይፋ ማውጣት ወታደሩን ለሞት መስጠት ነው። ለምን እንደተላከና መቼ እንደሚመለስ መጠየቅ ግን ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ አንቀጽ 55 በጀት የማጽደቅንና ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅን ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሲሰጥ ወታደር ግዳጅ ላይ ካለ ይቆይ አይልም።

ጥያቄ፦ ምክር ቤቱ ክረምቱን ዝግ ነው። አስቸኳይ ነገር በነሐሴ ቢመጣ መንግሥት እስኪከፈት ይጠብቅ ልትሉን ነው?

ከሱሉልታ

መልስ፦ አይጠብቅም። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ቢሆንም፣ በአንቀጽ 58 መሠረት አፈ ጉባኤው በዕረፍት ጊዜ ስብሰባ መጥራት ይችላል፤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከጠየቁ ደግሞ የመጥራት ግዴታ አለበት። አብዛኞቹ አባላት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ሊገቡ ይችላሉ፤ አንድን ሻለቃ ከነትጥቁና ከነስንቁ ለማሰማራት የሚወስደው ጊዜ ከዚህ አያንስም።